ቤቶች የሚል ጭራቅ

በዚህ አገር የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ ሆዱ ውስጥ አንድ ዩኒት ሊደር ይዞ ያረጃል። ሚኒስትር ይሁን፣ ሐኪም ይሁን፣ ዘፋኝ ይሁን ለውጥ የለውም። የሒሳብ አስተማሪው ስም ይጠፋዋል፤ ሒሳቡማ ከጠፋው ቆይቷል። ጠዋት በር ላይ ቆሞ አርፋጆችን ሲያንበረክክ የነበረው ሰውዬ ግን ከነኮቱና ከነጫማው ድምፅ እዚያው አለ። ትልቅ ሰው ሆነን፣ አልጋ ላይ ተጋድመን፣ የስልካችንን ደወል "ትንሽ ልተኛ" ብለን ስናጠፋው ያ ሰውዬ ከውስጥ "እህ!" ይላል።

ለብዙ ሰው ዩኒት ሊደሩ ትዝታ ብቻ ነው። የእኔ ግን ጎረቤቴ ነው።

ክቡር ጋሽ ያዕቆብ፣ የቀድሞው የሥነ ሥርዓት ኃላፊ፣ የሰልፍ አባት፣ የአርፋጅ ጠላት፣ ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል። ቀጨኔ ውስጥ፣ ትንፋሽ በሚያሳጥረው ዳገት ላይ፣ እሳቸውና እኔ አንድ ግቢ እንኖራለን። ዕድሜዬ አርባን አልፏል፤ ጋዜጣ ላይ ሰው እየነካካሁ ነው የምተዳደረው፤ ምንም የማልፈራ ነው የሚመስለኝ። ነገር ግን የጋሽ ያዕቆብ ሳል ከግቢው በር ሲሰማ እጄ ሳላዘው ተነስቶ ቀሚሴን ያስተካክላል።

"ቡርቱካን ታደሰ!" ይሉኛል። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ። እንዲህ አድርገው የሚጠሩኝ ባንክ ቤትና እሳቸው ብቻ ናቸው።

"አቤት ጋሼ።"

"ጽሑፍሽን አየሁት። አራተኛው አንቀጽ ላይ ሥርዓት የለም።"

"አስተካክለዋለሁ ጋሼ።"

ከታተመ በኋላ ምኑን እንደማስተካክለው እግዜር ይወቀው። ግን ሌላ መልስ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ሰው ሰፈር ውስጥ ካለ ጡረታ ቢወጣም ሥራ አይፈታም። እናቶች ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ሥራ ይሰጡታል፦ ማስፈራሪያ መሆን። በእኛ መንደር እራቱን አልበላም ያለ ልጅ "ጋሽ ያዕቆብን ልጥራቸው?" ሲባል አፉን ይከፍታል። መርፌ አልወጋም ያለው ክንዱን ይሰጣል። ፀጉሯን አልሠራም ያለችው ጭንቅላቷን ታቀርባለች። ድሮ አያ ጅቦ ይሠራው የነበረውን ሥራ እሳቸው ጠቅልለው ይዘውታል። ይህንንም ያውቁ ነበር፤ እንደ ሹመት ነበር የሚቆጥሩት። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ግድግዳ ተጠግተው ሲያልፉ ኮታቸውን ሳብ አድርገው "ሥርዓት ያላቸው ልጆች ናቸው" ይሉ ነበር።

በስማቸው ከሁሉ አብልጣ የተጠቀመችው ግን የገዛ ልጃቸው ሐመልማል ናት። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከልጇ ከትሕትና ጋር ስትኖር አባቷን እንደ ራስ ምታት ክኒን ለሁሉም ነገር ትጠቀምባቸው ነበር። ወተቱን ደፋሽ? "ለአባባ ነው የምሰጥሽ!" የቤት ሥራ አልሠራሽም? "ቀጨኔ ወስጄ ለአባባ ነው የማስረክብሽ!" እኔ ራሴ ሄጄ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ፤ ስቄአለሁም። ሁላችንም እንዲሁ ነው ያደግነው።

ባለፈው መስከረም ሐመልማል ሐዋሳ አንድ ሆቴል ውስጥ ጥሩ ሥራ አገኘች። ቤት ተከራይታ እስክትደላደል ድረስ የስምንት ዓመቷን ትሕትናን አምጥታ ለአባቷ ሰጠች።

ልጅቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ጥግ ቆመች። አቋቋሟን ሳይ ደነገጥኩ። እግር ገጠም፣ ዓይን መሬት፣ አፍ ዝግ። የአርፋጅ አቋቋም ነው። ማንም አላስተማራትም።

ጋሽ ያዕቆብ ያልሞከሩት የለም። አዲሱ ገበያ ወርደው ከልጅቷ ቁመት የሚበልጥ አሻንጉሊት በታክሲ ይዘው መጡ፤ ወያላው ለአሻንጉሊቷም ካልከፈሉ ብሎ ተጣልተዋል። አበባ ያለበት አንሶላ ገዙላት። ብስኩት በየዓይነቱ ደረደሩላት።

"ወደድሽው?"

"እሺ አባባ።"

"ወይስ አልወደድሽውም?"

"እሺ አባባ።"

እሳቸው ባሉበት አትበላም። እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ አንድ ጉርሻ፣ ስልክ ሊያነሱ ሲሄዱ አንድ ጉርሻ። የቀረውን እኔ ቤት "ውሃ ልጠጣ" ብላ መጥታ ትሞላዋለች። የትምህርት ቤት ወሬ አታወራም፣ አታለቅስም፣ አታኮርፍም። ሹክሹክታ ብቻ ናት።

አንድ እሑድ ጋሽ ያዕቆብ ከመድኃኔ ዓለም ሲመለሱ እኔ በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን እንኳ አላወረዱም።

"እሺ ትላለች" አሉኝ።

"ጥሩ አይደል ታዲያ ጋሼ?"

"ሁሉንም ነው እሺ የምትለው፣ ቡርቱካን። ዕድሜዬን በሙሉ ልጅ እሺ ለማሰኘት ስደክም ኖርኩ። ይኸው ተሳካልኝ።" ሊስቁ ሞክረው ተዉት።

ሰውየው የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው፤ አንዲት ልጅ ሳትፈራቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ምሳ እንድትበላ። እሱን ደግሞ በትእዛዝ ማግኘት አይቻልም።

ቢያንስ እኔ አይቻልም ብዬ አስቤ ነበር።

የኑሪ ሱቅ ከእኔ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል የኑሪ ልጅ ሩፋይዳ፣ በኮምፒውተር ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ፣ ጌም ቤት ከፍታለች። የሰፈሩ ልጆች ያበዱለት ጨዋታ ዓለሙ በሙሉ ከኩብ የተሠራ ነው፤ መሬቱ ኩብ፣ ዛፉ ኩብ፣ በጉም ኩብ። አሸናፊ የለውም፣ ማለቂያ የለውም። ልጆቹ በየኮምፒውተራቸው ተቀምጠው አንድ ዓለም ውስጥ ይገናኛሉ፤ ድንጋይ ይቆፍራሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ በግ ያረባሉ። ጨዋታው ውስጥ በየጥቂቱ ይመሻል፤ ሲመሽ ጭራቆች ይወጣሉ፤ ከዚያ ሩጫ ነው።

ትሕትና እዚያ ትሄዳለች ሲባሉ ጋሽ ያዕቆብ ሊጠሯት ሄዱ። መጋረጃው ጋ ሲደርሱ ሳቅ ሰምተው ቆሙ። የማያውቁት ሳቅ ነበር። ገልጠው ሲያዩ ትሕትና ወንበሯ ላይ ቆማለች፤ አረንጓዴ ጭራቅ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያባርራታል፤ እሷ እየጮኸች፣ እየሸሸች፣ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ጋሽ ያዕቆብ ሳይጠሯት፣ ሳይስሉ፣ በጫማቸው ጫፍ ተመልሰው ወጡ። በኋላ ሩፋይዳን ለብቻዋ አገኟት።

"ያ አረንጓዴው ፍጡር ማነው?"

"የቱ ጋሼ? እ... ጭራቁ? ማንም አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ነው የሚያንቀሳቅሰው።"

"ሰው ሊተካው አይችልም?"

"ማለት?"

"ማለቴማ ግልጽ ነው። ቦታው ክፍት ነው ወይ?"

ሩፋይዳ ድሮ በእሳቸው በር ያረፈደች ልጅ ናት። አይቻልም ለማለት ድፍረቱ የላትም፤ ደግነቱ ይቻል ነበር። "ይቻላል ጋሼ። በትእዛዝ ነው።"

"በምን?"

"በትእዛዝ። እዚህ ሳጥን ላይ ትእዛዝ ይጽፋሉ፣ በቃ፣ ያሉት ወዲያው ይሆናል። ጭራቅ ልሁን ካሉ ይሆናሉ።"

ጋሽ ያዕቆብ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ትእዛዝ ተጽፎ ወዲያው የሚፈጸምበት፣ ስብሰባ የማይጠራበት፣ "ለምን እኔ ብቻ?" የሚል የሌለበት አገር እንዳለ እስከዛሬ የነገራቸው አልነበረም።

ችግሩ ከየት ሆነው ይጫወቱ የሚለው ነበር። ጌም ቤት ቢቀመጡ ልጁ ሁሉ ይበተናል። ሩፋይዳ መላ መታች፤ የእኔን ላፕቶፕ በግድግዳው በኩል ከዋይፋይዋ ጋር አገናኘችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ላፕቶፔ የእኔ አይደለም። አዘጋጄ ደውሎ ጽሑፉ ለምን ዘገየ ሲለኝ "ጭራቅ ተቀምጦበታል" ብዬ እውነቱን ነገርኩት። ባል ያገባሁ መስሎት እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን አልሰመረም። ትእዛዙ መጀመሪያ ላይ ዘመም ያለች ጭረት ትፈልጋለች፤ ያለሷ የተጻፈው ሁሉ ተራ ወሬ ሆኖ ለተጫዋቹ ሁሉ ይታያል። ክቡርነታቸው ደግሞ በአንድ መስመር የሚታዘዝ ነገር አያምኑም። "ጉዳዩ፦ ጭራቅ መሆንን ይመለከታል" ብለው ጀመሩ፤ ዝርዝሩን አስከተሉ፤ በመጨረሻም "ከሰላምታ ጋር" ብለው አስገቡት። ግድግዳው ወዲያ ማዶ ያሉት ልጆች ማመልከቻውን አንብበው ሲንጫጩ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።

"ያለ ሰላምታ እንዴት ይላካል?" አሉኝ ተናደው።

"ኮምፒውተር ነው ጋሼ፣ አያኮርፍም።"

ጭራቅ መምረጡም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ዐፅም ሁኑ ቢባሉ "ገና በሕይወት እያለሁ?" አሉ። ሸረሪቱን "በአራት እግሬ አልሄድም፣ በስምንትማ ጭራሽ" ብለው ጣሉት። በመጨረሻ ያንኑ ረጅሙን አረንጓዴ መረጡ፤ ቢያንስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይሄዳል። ትእዛዙን በሁለት ጣት ቆጥቁጠው ሲያስገቡ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና እጁ እስከ ጉልበቱ የደረሰ፣ ዓይኑ የቀላ ጭራቅ ሆኑ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ኮት የለውም?" አሉ።

አሁን እስቲ እንደዚህ ያለ ጭራቅ አስቡ። ከሌሎቹ ጭራቆች ሁሉ የሚለየው ያረፈደን ብቻ በማባረሩ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ የገባን ልጅ አይነካም፤ በመስኮት አይቶት ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ጨለማ ላይ ከብረት ማውጫው ጉድጓድ ሲወጣ የደረሰበትን ግን መንገድ ዘግቶ ይይዘዋል። ሌላ ጭራቅ ይበላል። የእኛው "ምክንያትህን አስረዳ" ብሎ ይጽፋል። ምክንያቱ ካላጠገበው ደግሞ "ነገ ወላጅ ይዘህ ና።" ልጆቹ ይህ ሁሉ ከአዲሱ አፕዴት ጋር የመጣ ነው ብለው አመኑ። የኢትዮጵያ ቨርዥን ነው ተባለ። አንደኛው እውነትም እናቱን ጌም ቤት ድረስ ይዞ መጣ።

ጭራቅ ሥጋ ካልበላ ይደክማል ብላ ሩፋይዳ አስጠንቅቃቸው ነበር። ረቡዕ ሆነና አልበላም አሉ። ዓርብም አልበሉም። ከዚያ ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አብረው ገቡ፤ ጌም ቤቱ በሙሉ ጿሚ ሆነ፤ በጎቹ ያለ ሥጋት ተራቡ፣ በዙ ማለቴ ነው፣ ሜዳውን ሞሉት። የአሳማዎቹማ ነገር አይነሳ። ጾም ተፈታ አልተፈታ፣ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም የሚነካቸው ስለሌለ ወልደው፣ ተዋልደው፣ ተራራውን ይዘው፣ በመጨረሻ የትሕትናን የስንዴ ማሳ ወረሩት። በዚያ ዓለም ሰውና ጭራቅ አንድ ላይ ተሰልፎ የዘመተው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ጭራቁ ሰልፉን ራሱ ነበር ያሰለፈው፤ አጭሩን ከፊት፣ ረጅሙን ከኋላ።

ግን እኔ የምነግራችሁ ስለ ቤቷ ነው።

ትሕትና ከሌሎቹ ራቅ ብላ፣ ወንዝ ዳር፣ በር የሌለው ቤት ሠርታ ነበር። ስትገባ አንድ ኩብ ታነሳለች፣ ገብታ መልሳ ትደፍነዋለች። ጋሽ ያዕቆብ ግድግዳውን በትእዛዝ ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር፤ ሩፋይዳ ትእዛዙን አስተምራቸዋለች። እሳቸው ግን መሸት ሲል ሄደው ደጃፏ የሚሆንበት ቦታ ላይ ቆሙና፣ እየተማረሩ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ "ቤቶች!" ብለው ጻፉ።

ከዚያ "ደጆች" የሚል መጣ። "ማነው?"

"ጭራቁ ነኝ።"

"ምን ፈለግክ?"

"እንዴት ዋልሽ ልል ነው።"

"ደህና። ሂድ አሁን።"

"ደህና እደሪ።"

ሄዱ። ጎንበስ ብዬ ፊታቸውን አየሁት፤ ልጃገረድ ቤት ደርሶ የተመለሰ ጎረምሳ ፊት ነው። "አነጋገረችኝ" አሉ። "ሂድ አለችኝ።"

በየቀኑ ሄዱ። በየቀኑ "ቤቶች" አሉ። ከጊዜ በኋላ ትሕትና አንድ ኩብ አንስታ መስኮት አበጀች። የትምህርት ቤት ወሬ ጀመረች፤ የሳይንስ አስተማሪዋ ሲያነብ እንደሚያንቀላፋ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ እርሳስ እንደምትበላ። ለጭራቁ ሁሉንም ነገረችው። ማታ እራት ላይ ግን፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ "እሺ አባባ" ብቻ ነበር።

አንድ ሐሙስ እኔ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ጋዜጣ አነባለሁ። ጋሽ ያዕቆብ ድንገት እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አነሱ። ቀና ብዬ አነበብኩት።

"አንተ እኮ አታስፈራም" ብላዋለች። "አባባ ናቸው የሚያስፈሩት።"

"ጻፊልኝ" አሉኝ። "ምናቸው ነው የሚያስፈራሽ በያት።"

ጻፍኩ። ትሕትና ቀስ ብላ፣ አንድ አንድ መስመር እያደረገች መለሰች። "ሳላቸው። ጫማቸው። ስሜን ሲጠሩ።" ከዚያ ረዘም ያለው መጣ። "እማዬ ካጠፋሽ ለአባባ ነው የምሰጥሽ ትል ነበር። አሁን ሰጠችኝ። ምን እንዳጠፋሁ ግን አልነገረችኝም።"

ልጅቷ ከመስከረም ጀምሮ ቅጣት ላይ ናት ማለት ነው። ቅጣቱ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው። ጋሽ ያዕቆብ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት።

"ምንም አላጠፋሽም በያት።"

ጻፍኩላት።

"አንተ በምን ታውቃለህ?" አለች። "አንተ ጭራቅ ነህ።"

ከዚያ ጨዋታው ውስጥ ነጋና ወደ በጎቿ ሄደች።

በማግስቱ ጋሽ ያዕቆብ ግቢው መሐል ቆመው ሐዋሳ ሲደውሉ ሰማኋቸው። "ሐመልማል ያዕቆብ!" አሉ፤ የገዛ ልጃቸውን እንኳ ከነአባቷ ነው የሚጠሩት። ብዙ ተቆጡ። ከዚያ ዝም ብለው ማድመጥ ጀመሩ። ስልኩን ዘግተው ደረጃዬ ላይ ተቀመጡ።

"ታለቅሳለች" አሉኝ። "'እኔስ በምን ያደግኩ መሰለህ አባዬ? እማዬ አባትሽ ይምጣ ብቻ እያለችኝ አይደል?' አለችኝ። እኔ እኮ ትምህርት ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር ዩኒት ሊደር የነበርኩት።"

"ራስዎ ይንገሯት ጋሼ።"

"ምን ብዬ? እኔ ሰልፍ ላይ ነው መናገር የማውቀው።"

ቢሆንም ቅዳሜ እጇን ይዘው እኔ ቤት አመጧት። ወንበር አቅርበው አስቀመጧት፤ ላፕቶፑን ከፈቱ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ዓይኗ እያየ ዘመም ያለችውን ጭረት መቱ፤ ትእዛዙን በሁለት ጣት ጻፉ፤ ጭራቅ ሆኑ። ትሕትና ከኮምፒውተሩ ወደ አያቷ፣ ከአያቷ ወደ ኮምፒውተሩ አየች።

"ወላጅ ይዘህ ና ያሉትም እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"አሳማዎቹን ያባረሩትስ?"

"እኔ ነኝ። ቤቶች የምልሽም እኔ ነኝ።" ሊያስሉ ሲሉ ዋጡት። "ስሚኝ ትሕትና። ያጠፋሽው ነገር የለም። እናትሽ አንቺን ለቅጣት አልሰጠችሽም። ብቻዬን ነበርኩ፤ ደስ ይበለው ብላ ነው አንቺን የሰጠችኝ። ደስ ብሎኛል። እስከዛሬ ሳልነግርሽ ቆየሁ።"

እኔ ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት የምልጥ መሰልኩ። ትሕትና እግሯን ገጠመች፤ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

"እሺ አባባ" አለች።

ጋሽ ያዕቆብ ላፕቶፑን ከደኑ፣ አመሰገኑኝ፣ ይዘዋት ወጡ። ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው፤ ኮታቸው ሰፍቷቸው ነበር። ቀጥሎ በነበሩት ቀናት ጭራቁ አልመጣም። ልጆቹ ሩፋይዳን ቢጠይቋት እረፍት ወጥቷል አለቻቸው። ትሕትና ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ ከማዶ ምንም ድምፅ የለም። እኔም በነገሩ አዘንኩ፤ አንዳንድ ነገር አንዴ ከገባ አይወጣም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ከዚያ የበልግ ዝናብ ጀመረ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል። አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ከማዶ ጩኸት ሰማሁ።

"አልለብስም! አልኩ እኮ! አልለብስም!"

የትሕትና ድምፅ ነው። ስኒዬን አስቀመጥኩ። በእሳቸው ትምህርት ቤት ያለፍን ሁሉ ከእንዲህ ያለ ቃል በኋላ ምን እንደሚከተል እናውቃለን። ሳሉን ጠበቅኩ። ሳል የለም። ይልቅ በሩ ተከፈተ፤ አንድ እግር ጫማ ያለው፣ አንድ እግር የሌለው ሰው በጭቃው ውስጥ ሲሮጥ ተሰማኝ፤ የእኔም በር ሳይንኳኳ ተበረገደ። እኒያ ሰው ሳያንኳኩ ገቡ።

"ሰማሽ?" አሉኝ። ዝናቡ ከራሳቸው ላይ ይወርዳል። "እምቢ አለችኝ!"

"ሰማሁ ጋሼ።"

"ጮኸችብኝ እኮ! እግሯን መሬት መታች! ሹራቡ ያሳክከኛል፣ ከፈለግክ አንተ ራስህ ልበሰው አለችኝ። አንተ ራስህ ልበሰው!" ይስቃሉ፤ እንባቸውም ይወርዳል፤ የቱ ዝናብ የቱ እንባ እንደሆነ አልለየሁትም። "ደግሞ አሁን ቂጣውን ቁጭ ብላ እየበላች ነው። እያየኋት! አፏን ሞልታ!"

"ታዲያ ምን አሏት?"

"ምን እላታለሁ?"

ያኔ ነው ልብ ብዬ ያየኋቸው። ከኮታቸው በላይ፣ አንገታቸው ላይ ተወትፎ፣ እጅጌው ክርናቸው ጋ የቀረ፣ ቀይ የልጅ ሹራብ ለብሰዋል። ከብብታቸው በታች አልወረደም። ስንቱን ያንበረከኩት፣ ስንቱን ከሰልፍ ያስወጡት ሰውዬ እንደዚያ ሆነው ቤቴ መሐል ቆመው ሳይ አቅፌ ሳምኳቸው። ከዚያ በፊት ይህን የደፈረ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

እሳቸው ግን ልብም አላሉኝም። አንገታቸውን እያከኩ ነበር።

"እውነቷን እኮ ነው" አሉኝ፤ "ያሳክካል።"